ግማሽ ስኒ በቆሎ ስንት ይመዝናል?

አሜሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነጠቀው ቋንቋውን ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቋንቋውንማ እያዳቀለም ቢሆን ይዞት ይኖራል፤ «ኮል አድርግልኝ» ይላል፣ «ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ይላል፣ ኑሮ ይቀጥላል። መጀመሪያ የሚነጠቀው ኪሎውን ነው። ኪሎ አንዴ ከሄደ ሄደ። ሙቀቱን በማያውቀው ዲግሪ ይነግሩታል፤ ዛሬ ዘጠና አምስት ነው ሲሉት ከቤት ብወጣ እቀቀላለሁ ብሎ ይሰጋል። መንገዱን በማይል፣ ቁመቱን በጫማ፣ ቤንዚኑን በጋሎን እያሰበ ዓመታት ሲያልፉ ግን ይለምደዋል። እኔም ለምጃለሁ። ያልለመድኩት፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉትም በወጉ የለመዱት የማይመስለኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው። አውንስ።

አውንስ ሁለት ዓይነት መሆኑን ታውቁ ነበር? አንዱ ክብደት ይለካል፣ ሌላው ፈሳሽ ይለካል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ እንደሚኖሩ ሁለት ሞክሼዎች ማለት ናቸው፤ የአንዱ እንግዳ የሌላውን በር ሲያንኳኳ ይውላል። የታሸገ በቆሎ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግ አድርጋችኋል፤ ዕድሜያችሁን በከንቱ አላባከናችሁም። እኔ ግን እንድጠይቅ ተገድጃለሁ። ምክንያቱም ይኼ የልክ ነገር አማቴን ሊያሳጣን ምንም አልቀረውም ነበር።

አማቴ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። አሰላ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተገደፈ ፊደል ሲያዩ ገብተው ባለቤቱን የሚያርሙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ልጃቸው ሂሩት፣ የእኔ ባለቤት ማለት ነው፣ ከብዙ ልመና በኋላ የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ ብላ በፈረንጆቹ 2020 መባቻ ወደ ኮሎምበስ አመጣቻቸው። ጥቂት ወራት ተቀምጠው ሊመለሱ ነበር። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ዓለም በሩን ዘጋ፤ ጋሽ ተፈራም እኛ ሳሎን ውስጥ ተዘጋባቸው።

እኔና እሳቸው ያን ያህል አንቀራረብም ነበር። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ችግሩ ጨዋነታቸው ነው። ሂሩትን ካገባኋት ጀምሮ የሚጠሩኝ «አቶ ደረጀ» እያሉ ነው። አማቱ «አቶ» የሚለው ሰው ቤተሰብ ሳይሆን ቀበሌ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ባለጉዳይ ነው የሚመስለው። እኔ ግሮቭፖርት ከሚገኙት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ፤ ሺፍቴ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ሂሩት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ በዚያ ሰሞን ባልደረቦቿ እየታመሙ ስለቀሩ ደብል፣ ሁለት ሺፍት በላይ በላዩ፣ ሳትሠራ የምትውልበት ቀን ብርቅ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቤት የምንቀረው እኔ፣ አማቴና ላፕቶፕ ላይ ተደፍታ የምትማረው ትንሿ ልጃችን ሶሊያና ነበርን። አያት በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል። እኔ መሐል ሆኜ ምሳ አሞቃለሁ።

በሚያዝያ ገደማ ጋሽ ተፈራ ውሃ ጠጥተው የማይረኩ ሆኑ። ሂሩት አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አየት አደረገቻቸውና፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች። ለክታም የመኪናውን ቁልፍ አነሳች። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ገቡ።

ያን ጊዜ አስታማሚ አይገባም ነበር። በር ላይ ተቀበሉን፣ ዊልቸር ላይ አስቀመጧቸው፣ ጋሽ ተፈራም ወደ ክፍል እንደሚገባ መምህር እጃቸውን አንስተው ተሰናበቱን። ሂሩት ፓርኪንግ ጋራዡ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ የሰው እናትና አባት ስታስታምም የምትውል ሴት የራሷን አባት በር ላይ አስረክባ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ በቅጡ የገባኝ አይመስለኝም።

ከቀናት በኋላ ስኳራቸው ወርዶ፣ ኪኒን ታዞላቸው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት የምግብ ባለሙያ ምን መብላት እንዳለባቸው፣ ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው በስልክ አስተርጓሚ በኩል አስረድታቸዋለች። ቤት ሲገቡ ታዲያ የሚያወሩት ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ አስተርጓሚው ሆነ። ወጣት ነው ይላሉ፤ አማርኛው ግን የጠራ፣ ቃል የማይባክንበት፣ አንድም የእንግሊዝኛ ኮተት ያልተቀላቀለበት። ይኼን ሲሉ ወደ እኔ ዘወር አሉ። ለካ እኔ በዚያው ደቂቃ ለሂሩት ፋርማሲውን ኮል አድርጌ ኪኒኑን ፒክአፕ እንደማደርግ እየነገርኳት ነበር።

አስተርጓሚው ያላቸውን አንድ በአንድ በቃላቸው ይዘውታል። በቆሎ፣ አተር፣ ድንች፣ በአንድ ማዕድ ግማሽ ስኒ። ሩዝ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፣ ሲሶ ስኒ። ፎሶሊያና ካሮት አንድ ስኒ። አትክልቱ የታሸገ ከሆነ ውሃው ይደፋ፣ ጨው ስለሚበዛበት በደንብ ይለቅለቅ። ሂሩት ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ወረቀት አነበበች፤ ሃፍ ካፕ ይላል። አባቷን ጠየቀቻቸው፤ ግማሽ ስኒ አሉ። ገጠመላት። ወደ ሥራ ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ ቆርቆሮዎቹ ልንገራችሁ። የአፓርትመንታችን ግቢ ውስጥ በየሳምንቱ የምግብ ሳጥን ይታደል ነበር፤ በየሳጥኑ የታሸገ በቆሎ፣ የታሸገ አተር፣ የታሸገ ፎሶሊያ፣ የታሸገ ካሮት። እንደምንም ተብሎ ከሚያልቀው የሚመጣው ይበልጣል። የማብሰያ ቤቱ ቁም ሣጥን ሞላ፤ ከዚያ የጫማ መደርደሪያው ሞላ፤ ኮት ላወጣ ስገባ አተር ይወድቅብኛል። ሂሩት ለሰው እንስጠው ስትል አባቷ የተሰጠንን በልተን ነው የምንጨርሰው አሉ። ሚስታቸው በታመሙ ጊዜ ምግብ ማብሰል ተምረው ስለነበር የራሳቸውን ማዕድም ራሳቸው ያዙት። እውነት ለመናገር እጃቸው ይጣፍጣል። ሽንኩርቱን በዘይት ቀስ አድርገው ያቁላላሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና እርዱን ያገቡበታል፣ ከቆርቆሮ የወጣው ካሮት ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ እንዳይፈርስ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምሩት። ቤቱ ሲሸት ምራቅ ያስውጣል።

ከዚያ ሳህናቸው ይቀርባል። ከአሰላ ለሂሩት ስጦታ ብለው ካመጧቸው የቡና ስኒዎች አንዷን ለልክ ለይተዋታል። ሽንጧ ላይ አበባ ያለባት፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ስኒ። በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠሩ ግማሿ ድረስ በቆሎ ይሞሉባትና ሳህኑ ላይ ይገለብጧታል። ከዚያ በጸጥታ፣ ፍሬ በፍሬ ይበላሉ። እኔ ደግሞ ከፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ የስኳር በሽታ ምን ዓይነት ጨካኝ ነገር ነው እያልኩ እበላለሁ። ሐኪም ያዘዘው የተባለ ልክ ነው፤ እሳቸውም «አቶ» የሚሉኝ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልግባ?

ሳምንታት ሲያልፉ ጋሽ ተፈራ ከሸሚዛቸው ውስጥ መጥፋት ጀመሩ። ሶሊያና አንድ ጠዋት ከላፕቶፑ ቀና ብላ፣ አባባ እያነሱ ነው ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ሂሩት ክብደት መቀነሱ ለስኳር ጥሩ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን እንዲህ በፍጥነት መሆኑ አልተዋጠላትም። አባቷን ስትጠይቃቸው ደህና ነኝ ይላሉ። ምግቡ በቃዎት ወይ ስትላቸው የታዘዘልኝን በልቻለሁ ይላሉ። ልብ ካላችሁ ይኼ ለጥያቄው መልስ አይደለም። ደብል ሠርቶ ለገባ ሰው ግን መልስ ይመስላል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ተፈራ ሲንኩ ጋ ቆመው ፎሶሊያ ያለቀልቃሉ፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ስልኬን እያየሁ ነው። ወንፊቱ ሲንኩ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል ካቢኔቱን ተደግፈው ወደ ወለሉ እየተንሸራተቱ ነው። ፊታቸው በላብ ታጥቧል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ይዤ አስቀመጥኳቸው። ዓይኔን እያዩ፣ ግን እኔን የማያዩ ሆነው፣ «ደረጀ» አሉኝ።

አቶ የለም። ይበልጥ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

ሂሩትን ኮል አደረግኳት። ድምፄን እንደሰማች ሌላ ሳትጠይቀኝ ጁስ ካለ ስጣቸው አለችኝ፤ መዋጥ መቻላቸውን አይተህ፣ ቀስ እያደረግህ። የሶሊያናን የብርቱካን ጁስ ከፍሪጅ አውጥቼ ጭንቅላታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ስልኩ ወለሉ ላይ ስፒከር ተደርጎ ሂሩት ከዚያ ማዶ ትቆጥራለች፤ ምን እንደምትቆጥር አላውቅም፣ ምናልባት ራሷን ለማረጋጋት ነው። ስኳራቸውን ስለካው ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ብሏል። ኪኒኑ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሚሠራበት ምግብ ግን አላገኘም። ትንሽ ቆይቶ ላባቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ተመለሰ። መጀመሪያ ያሉት ነገር ፎሶሊያው እንዳይደፋ ነው።

ሐኪሙ ኪኒኑን ቀነሰላቸውና የምግብ ባለሙያዋ በአስቸኳይ እንድታያቸው አደረገ። በዚያ ሰሞን መታየት ማለት በቪዲዮ ነው። ሂሩት ፈቃድ ወስዳ ቀረች፤ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነውና ሦስታችን ከፊቱ ተደረደርን። ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ መጣች፤ አስተርጓሚው ደግሞ ምስል የሌለው ድምፅ ሆኖ ገባ። ጋሽ ተፈራ ድምፁን እንደሰሙ ቀና አሉ። ያ ባለ ጥሩ አማርኛው ልጅ ነው።

የምግብ ባለሙያዋ ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። የነገሯት ሁሉ ልክ ነው። በቆሎ ግማሽ፣ አተር ግማሽ፣ ሩዝ ሲሶ። ግራ ገብቷት ማስታወሻዋን ገለበጠች፤ በዚህ ልክ የሚበላ ሰው እንዲህ ሊሆን አይገባውም አለች። ከዚያ እስኪ የትናንቱን ምሳ ልክ አሳዩኝ አለቻቸው። ጋሽ ተፈራ ተነሥተው ሄዱና ባለ አበባዋን ስኒ ይዘው መጡ። ካሜራው ፊት ከፍ አድርገው፣ በጣታቸው መሐሏን አሳዩ።

ሴትየዋ፣ ስኒዋ በጣም ቆንጆ ናት አለች። ቀጥላም፣ ይቺ ለመድኃኒቱ ናት ወይ ብላ ጠየቀች።

ሂሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስተርጓሚው ጥያቄውን ሳይተረጉመው ቀረ። ከዚያ በቀስታ፣ «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስኒ ብዬ የነገርኩዎት እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ምን ልትል ነበር?» አሉት ጋሽ ተፈራ። «ካፕ ስኒ ነው። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ልጁ የአሜሪካኖቹ መለኪያ ካፕ እሳቸው ከያዟት ስኒ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ነገራቸው። ጋሽ ተፈራ ስኒዋን አዩዋት፤ እኔም አየኋት። ለሳምንታት ሲበሉ የኖሩት የሚገባቸውን ሲሶ ነበር። ሴትየዋ ስክሪኑ ውስጥ ሆና ምን እየተባባላችሁ ነው ትላለች፤ ማንም የሚተረጉምላት የለም። አስተርጓሚው የራሱ ጉዳይ ይዞታል። ለስንት ሰው እንደዚህ ብዬ ይሆን አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ጋሽ ተፈራ ያንን ሰሙት። አርባ ዓመት ፈተና የወደቀ ተማሪ ሲያጽናኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ድምፃቸው ተለወጠ።

«ስማ ልጄ፣ ቃሉ አልተሳሳተም። የተለያየው ዕቃው ነው። ከእንግዲህ ቃሉን ስትናገር ዕቃውንም አብረህ ንገራቸው፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

ልጁ አመሰገናቸው። ከዚያ ነው ሁሉንም ለሴትየዋ የተረጎመላት። እሷም ወዲያው ግማሽ ካፕ የሚለውን አንስታ፣ በጭብጥ እጅ እያመላከተች፣ በምስል እያሳየች እንደ አዲስ ጀመረች።

ቀጠሮው አልቆ ላፕቶፑ ሲዘጋ ሂሩት አባቷን፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ራበኝ አላሉም ብላ ጠየቀቻቸው። ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከሩ መጀመሪያ ረሃቡን ከሕመሙ ጋር እንደቆጠሩት ነገሯት። ቀጥለው ግን፣ «ደግሞስ በልጄ ቤት፣ ምግብ ከጫማ መደርደሪያ በሚወድቅበት ቤት፣ ራበኝ ማለት ነውር መሰለኝ» አሏት። ሂሩት ተነሥታ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ በቆሎ ከፈተች።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አሁን ነው የተጀመረው።

መለኪያ ካፕ ገዛን። የፕላስቲክ፣ በጎኑ መስመር ያለበት። በእሷ መለካት በጀመርን ማግሥት እኔና ጋሽ ተፈራ ተጣላን፤ ማለቴ ጨዋ ሰው እንደሚጣላው ተጣላን። እሳቸው በቆሎውን ሲለኩ ልክ እንደ ገበያ እህል ነው፤ ይሞላሉ፣ ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጓታል፣ ደግሞ ይሞላሉ። ሻጭ እንዳያታልላቸው ገዢ ሆነው ዕድሜያቸውን የኖሩ ናቸዋ! እኔ ደግሞ ጨምሬባቸው ስኳራቸው እንደገና እንዳይወጣ እየፈራሁ፣ ባይወጣም እንዳይወፍሩ እየፈራሁ፣ በስሱ ነው የምሞላው። የእሳቸው ግማሽ ካፕ የእኔን ግማሽ ካፕ በብዙ ይበልጠዋል። ፎሶሊያ ሲሆንማ ባሰ፤ ረጃጅሙ ጋድም ብሎ ውስጡ ክፍት ይሆናል፣ ቁርጥራጩ ግጥም ብሎ ይሞላል። ካፑ አንድ ነው፤ የሚገባበት ምግብ ግን በሰው እጅና በአትክልቱ ጠባይ ይወሰናል። ስኳራቸውም እንደ ለካው ሰው ከፍና ዝቅ ይላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያዋ ይኼን ሰምታ ሚዛን ግዙ አለች። በይዘት ሳይሆን በክብደት ሥሩ፤ ግራም መታ መታ ሲያደርጉት አይበዛም።

ሚዛኗ መጣች። ጠፍጣፋ፣ ከመጽሐፍ የማትወፍር። እኔ ታዲያ በመጋዘን ሠራተኛነቴ ዕቃ መቁጠርና ማካፈል ሥራዬ ነው ብዬ ሚዛኗን ከካርቶኗ ሳላወጣት ሒሳቡን በጭንቅላቴ ጨረስኩት። ቆርቆሮው አሥራ አምስት አውንስ ይላል። ካፕ ስምንት አውንስ ነው። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ሁለት ካፕ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል፤ ለአራት ብናካፍለው እያንዳንዱ ግማሽ ካፕ ገደማ ይሆናል። ምን ሚዛን ያስፈልጋል? ይኼን በኩራት ስነግራቸው ጋሽ ተፈራ ወንፊቱን እንደያዙ፣ የምንደፋውን ውሃ ለማን ነው ያካፈልከው ብለው ጠየቁኝ።

አጥልለን ካፑ ላይ ስንገለብጠው አንድ ካፕ ከግማሽ ብቻ ሆነ። ፋብሪካው ሰረቀን ብዬ ለመቆጣት እየተዘጋጀሁ ነበር። ሂሩት ናት ቆርቆሮውን አንስታ ያነበበችው፤ እዚያ ላይ ያለው አውንስ የክብደቱ እንጂ የፈሳሹ አይደለም፤ ያውም ከነውሃው። ካፑ ስምንት አውንስ ነው የሚባለው ደግሞ የፈሳሹ ሞክሼ ነው። በግራም ሲሆን ቆርቆሮው አራት መቶ ሃያ አምስት ይላል፤ አጥልለን ሚዛኗ ላይ ስናስቀምጠው ሁለት መቶ ስድሳ እንኳ አልሞላም። የቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። በማግሥቱ ግሮቭፖርት ስገባ፣ ፎርክሊፍቱን የታሸገ አትክልት ከተደረደረበት ፓሌት ሥር አስገብቼ ሳነሳ፣ እስከዛሬ አትክልት አመላልሳለሁ ስል ለካ ብዙውን ጊዜ ውሃ ቀጂ ኖሬያለሁ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሱፐርቫይዘሬ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ውሃው ነው አልኩትና ነዳሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ቤት ነበርን። ጠረጴዛውን አጽድተን ቆርቆሮዎቹን ደረደርን። አንዱን አጥልሎ፣ አለቅልቆ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ ጠብቆ፣ ካፑን በቢላዋ ጀርባ ልክ አድርጎ ሚዛን ላይ ማዋል። አንዴ በጋሽ ተፈራ እጅ፣ አንዴ በእኔ፣ አንዴ በሂሩት፤ ከዚያ መሐሉን መያዝ። በቆሎ ግማሽ ካፑ ሰማንያ ግራም ገደማ ሆነ። አተር ትንሽ ይበልጠዋል። ካሮት ከሁለቱም ያንሳል፣ ፎሶሊያ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ጋሽ ተፈራ ወረቀት አንጽፍም አሉ። ስሞቹንና ቁጥሮቹን እንደ ግጥም ቤት ሰጥተው ደርድረው፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ፣ ሶሊያናን አስከትለው አነበነቡት። ልጄ በአማርኛ እስከ መቶ መቁጠር የተማረችው በዚያ ቀን በአተርና በካሮት ነው። አሁንም ሰማንያን ስትጠራ በቆሎ ብላ ነው የምትጀምረው።

የበሰለውን ምግብ መለካትም መላ ተገኘለት። ባዶውን ድስት እንመዝናለን፤ አብስለን ከነምግቡ እንመዝነዋለን፤ የድስቱን ቀንሰን የቀረውን እናካፍላለን። ሰው ሲያየን እብዶች ነው የምንመስለው። ግን ጋሽ ተፈራ በልተው ጠገቡ። በመጀመሪያው የሚዛን ምሳ ሳህናቸው ላይ የተቀመጠውን በቆሎ አይተው፣ ይኼ ሁሉ የእኔ ነው ወይ ብለው ሚዛኗን እንደገና ከፍተው ደግመው መዘኑት። ሰማንያ። ሦስተኛ ጊዜ ሊመዝኑ ሲሉ ሂሩት ሚዛኗን ወስዳ ደበቀችባቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች የእኔና የእሳቸው ሆኑ። «አቶ» ከዚያ ወለል ላይ ከተነሡ ጀምሮ አልተመለሰም። እሳቸው ያለቀልቃሉ፣ እኔ እመዝናለሁ፣ ወሬ ይወራል። ሚስታቸው ወጥ ስትሠራ ጨው እንኳ ቀምሳ እንደማታውቅ፣ ሕመሟ ሲጠና ከአልጋዋ ሆና በጠረኑ ብቻ እየለየች ጨው ጎደለው ትላቸው እንደነበር የነገሩኝ በዚህ ሰሞን ነው። እኔም ያላወራኋቸውን አወራኋቸው። ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ዋናው አንድ ቆርቆሮ ካሮት እስኪጠልል ድረስ ሰው ብዙ ነገር ሊያወራ እንደሚችል ማወቁ ነው።

በቀጠሮ በቀጠሮ ስኳራቸው ተስተካከለ። ሸሚዙ እንደገና ሞላ። የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ያው አስተርጓሚ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት አላቸው፤ አሁን ካፕ የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር ባለሙያዎቹን አስቁሞ በግራም ንገሩኝ እንደሚላቸው፣ አንዳንዶቹ እንደሚበሳጩበት፣ እሱ ግን እንደማይለቃቸው። ጋሽ ተፈራ እሰይ አሉት። ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ልጅ እንዲህ ሲደሰቱ ማየት ደስ ይላል።

በረራው ተስተካክሎ በተከታዩ ዓመት ወደ አሰላ ተመለሱ። ሚዛኗን ሻንጣቸው ውስጥ ከሸሚዞቹ መሐል ጠቅልለን ሰጠናቸው። እዚያ የቆርቆሮ አትክልት የለም፤ ካሮቱ ከነአፈሩ ነው የሚመጣው። ጥሬው ሲቀቀል ክብደቱ ስለሚለወጥ የእኛን ቁጥር ትተው እንደ አዲስ ቀቅለው፣ አጥልለው፣ መዝነው የራሳቸውን ግጥም አወጡ። ስኳር ያለባቸው የሰፈሩ ጡረተኞች ደጃፋቸው ተሰብስበው ያጠኑታል አሉ። አስተማሪ ጡረታ አይወጣም፤ ትምህርቱን ነው የሚቀይረው።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉ። ስኳራቸው ደህና ነው፣ ሰዉ ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ አሉኝ። ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ የሚባሉ አሉ፤ በየጊዜው ብቅ ይበሉ ይሏቸዋል፤ ብቅ ሲሉ ደግሞ ትንሽ ቅመሱ ይሏቸዋል።

«እስኪ ንገረኝ ደረጀ፣ ትንሽ ቅመሱ ስንት ግራም ነው?»

ሚዛኗን ይዘው ቢሄዱስ አልኳቸው። አስበውት እንደነበር፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥም ከተው እንደሄዱ፣ እዚያ ሲደርሱ ግን ማውጣቱ ነውር ሆኖባቸው ከኪስ ሳትወጣ እንደተመለሰች ነገሩኝ። ታዲያ ምን አደረጉ አልኳቸው።

«በላሁ» አሉኝ። «ከዚያ እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ስለካው ደህና ነው። ነገም ጠርተውኛል።»

ሂሩት ይኼን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣ እትዬ ብርቄ ደግሞ የትኛዋ ናቸው ብላ አባቷን ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ተፈራ መስመሩ ይቆራረጣል አሉና ዘጉት።